ግዴታው የቀደመበት ዜግነት፤ የጋምቤላ የመቶ ሃያ ዓመት መንገድ

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ትምህርት ቤት የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የስነ ዜጋና ስነ ምግባር መጽሐፍን ያስታውሳል። የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ የአገር ፍቅር፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ እያለ ዐሥራ አንድ እሴቶችን በተርታ ያስተምር ነበር። ጥሩ ዜጋ ሕግ ያከብራል፣ ግብር ይከፍላል፣ አገሩን ይጠብቃል፣ ይመርጣል፣ የጋራ ንብረት ይንከባከባል። በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ያደገ ልጅም ይህንኑ አጥንቶ ተፈትኗል።

መጽሐፉ ያላስተማረው ግን እነዚህ ግዴታዎች ወደ ባሮ ዳርቻ የመጡበትን መንገድ ነው። አንድ ላይ አልመጡም። ግብሩ በአንድ ዘመን፣ ውትድርናው በሌላ፣ የምርጫ ካርዱ በሌላ ዘመን ነው የደረሰው። አብዛኞቹም የደረሱት ሰዉ የአገሪቱ ዜጋ ስለመሆኑ ማንም በወረቀት ሳያረጋግጥለት ነው። ስለ ጋምቤላ የምንሰማው የአንድ ሰሞን ግጭት፣ የአንድ ሰሞን ስደተኛ፣ የአንድ ሰሞን የመሬት ክርክር ነው። የየሰሞኑ ዜና በአንድ ክር የሚያያዘው ግዴታ ቀድሞ እውቅና ሲዘገይ የተፈጠረውን ክፍተት ይዘን ወደ ኋላ ስንሄድ ነው።

ከመዝገብ በፊት፤ እስከ 1890ዎቹ

ከማዕከላዊው መንግሥት በፊት በዚህ አገር ኃላፊነት አልነበረም ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። አኝዋኮች በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር በመንደር ተሰብስበው በቆሎና ማሽላ እያረሱ፣ ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። መንደሩ ኳሮ የሚባል አለቃ አለው። ኳሮው ይከበራል፣ ሰዎች ጎንበስ ብለው ይቀርቡታል፤ እሱ ደግሞ ማብላት፣ መስጠት፣ የተጣላን ማስታረቅ አለበት። ንፉግ ከሆነ ወይም ፍርድ ካጓደለ መንደርተኛው ተማክሮ ይነሳበታል። ይህ መነሳት አገም ይባላል። የተሸነፈው ኳሮ መንደሩን ለቅቆ ይሄዳል፤ በምትኩ ከዚያው ከአለቆች ዘር ሌላ ሰው ይቀመጣል። እንግሊዛዊው የስነ ሰብ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው ጥናት ይህን ሥርዓት በዝርዝር ጽፎታል። መሪን መቆጣጠር የመንደርተኛው ሥራ ነበር ማለት ነው፤ ማንም ያላስተማራቸው፣ በየትውልዱ የሚወራረስ ሥራ።

ኑዌሮች ዘንድ አለቃ አልነበረም። ነፍስ ያጠፋ ሰው ኳር ሙኦን ወደሚባለው የምድር ሽማግሌ ቤት ሸሽቶ ይገባል፤ ሽማግሌው የነብር ቆዳ የሚለብስ ነው። በዚያ ቤት ሳለ ማንም አይነካውም። ሽማግሌው በሁለቱ ወገኖች መካከል ተመላልሶ የደም ካሳውን በከብት ያስማማል። ካሳውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻውን አይደለም፤ ዘመዱ ሁሉ ከበረቱ ያወጣል። አንዱ ያጠፋው የሁሉም ዕዳ ነው።

ይህ ሥርዓት እርስ በእርስ ያለውን ጠብ ግን አላቆመም። በ19ኛው መቶ ዓመት ኑዌሮች ለከብቶቻቸው ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ሲገፉ ብዙ የአኝዋክ መንደሮች ከቦታቸው ተነቅለዋል። አኝዋኮች ዛሬም ይህን እንደ ትናንት ያስታውሱታል። ለኋላው ታሪክ ዋናው ነገር ግን በሁለቱም ሕዝቦች ዘንድ ግዴታ የታወቀ መሆኑ ነው፤ ግዴታው ለመንደር፣ ለዘመድ፣ ለከብት ባለቤት ነበር። ሩቅ ላለና ለማይታይ መንግሥት የሚከፈል ግዴታ ገና አልመጣም።

ውል፣ ጠብመንጃና ቡና፤ ከ1894 እስከ 1928

መንግሥት የመጣው በውል ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተፈራረሙት ስምምነት የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ተበጀ፤ በዚህ በኩል ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከትሎ ሄደ። በዚሁ ውል ምኒልክ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ የሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁምበት ፈቀዱ። ጣቢያው ለወታደርና ለፖለቲካ ጉዳይ እንዳይውል፣ ፈቃዱም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና በውሉ ታሰረ። የዛሬዋ የጋምቤላ ከተማ መነሻ ይህ ነው። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የጎሬንና የቄለምን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር።

ወሰኑ ሲሠመር በመስመሩ ላይ የሚኖሩትን የጠየቀ የለም። አኝዋኮች በሁለቱም ወገን ቀሩ። ኑዌሮች በበጋ ከብቶቻቸውን እየነዱ በየዓመቱ የሚሻገሩት ረግረግ በሁለት መንግሥታት መካከል ተከፈለ። ወንዝ ድንበር ሲሆን ካርታ ላይ ያምራል፤ በወንዙ ግራና ቀኝ ለሚኖር ሰው ግን ወንዝ መገናኛው ነው። ከዚህ በኋላ ለመቶ ዓመት የዘለቀው "ይህ ሰው የማን ነው?" የሚል ጥያቄ የተወለደው በዚህች መስመር ነው።

በሁለቱም ወገን ያሉ ገዢዎች ለጥያቄው የሰጡት የመጀመሪያ መልስ ግብር ነበር። የጎሬ ገዢዎች በራስ ተሰማ ናደው ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ ከቆላው የዝሆን ጥርስና ከብት ይሰበስቡ ነበር። ትውልዱ ከሶርያ የሆነው ማጂድ አቡድ በኢትዮጵያ መንግሥት ስም ይህን ወሰን ሲጠብቅና ሲያስገብር ኖሯል። ጥርሱን ይዘው ወደ ደጋ የወጡ አኝዋኮች ጠብመንጃ ይዘው ተመለሱ። በ1904 ዓ.ም. አዶንጋ ላይ የአኩዌይ ዋ ቻም ሰዎች በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራውን የሱዳን ጦር ድል ነሱት። በዚያው ዘመን ኮሞና ኦፖ የመሰሉ ቁጥራቸው ያነሰ ሕዝቦች የባሪያ ፈንጋይ መንጋጋ ውስጥ ነበሩ። ግብር የከፈለ ሁሉ ከፈንጋይ አልተጠበቀም። ከፋዩ የሚሰጠው ነገር ተቆጥሮ ተወሰነ፤ የሚያገኘው ጥበቃ ግን በማንም አልተቆጠረም።

ሕጉ ዘግይቶ መጣ። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው አለ። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ የታወጀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ የፈቀዱትን መብትና ሕዝቡ ያለበትን ግዴታ በአንድ ምዕራፍ አስቀመጠ። በዜግነት ሕጉ እናት መቆጠሯን እስከ ዛሬ እንደ ትልቅ ነገር አየዋለሁ፤ በዚያን ዘመን ብዙ አገሮች ይህን አልፈቀዱም ነበር። ባሮ ዳር ግን የማንም እናት ስም በመዝገብ አልነበረም። አገሪቱ ዜግነትን በዘር ሐረግ ስታቆም የዘር ሐረጉን የሚመሰክር ወረቀት በቆላው አልተዘረጋም።

ከጣልያን ወረራ እስከ ዘውዱ ማብቂያ፤ ከ1928 እስከ 1966

በጣልያን ዘመን ባሮ ዳር ውጊያ እንደነበረ ብዙ ኢትዮጵያዊ አያውቅም። ቀደም ብሎ አኝዋኮችን ያጠናው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1933 ዓ.ም. አካባቢ ጥቂት የአኝዋክ ተዋጊዎችን ይዞ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች ዳር ጣልያኖችን ይወጋ ነበር። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጋምቤላን ከጣልያን እጅ ያስለቀቁት ከቤልጂየም ኮንጎ የተጓዙ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። አገርን መጠበቅ የዜጋ ግዴታ ነው ከተባለ እነዚያ አኝዋኮች ማንም ዜጋ ናችሁ ሳይላቸው ተወጥተውታል። በየዓመቱ አርበኞችን ስናስብ ስማቸው ሲነሳ አልሰማሁም፤ ይህ ቅር ይለኛል።

ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የምኒልክ ውል የታሰረበት ቅድመ ሁኔታ ፈረሰ። በጥቅምት 1949 ዓ.ም. የንግድ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጋምቤላ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ከጎሬ የምትተዳደር አውራጃ ሆነች። የቡናው ንግድ ፊቱን ወደ አዲስ አበባና ወደ ጅቡቲ ስላዞረ መርከቦቹ ቀነሱ። መምህሩ፣ ፖሊሱ፣ ግምጃ ቤት ጠባቂው ከደጋ ይመጣ ነበር። ለአኝዋክ ልጆች መጻፍና ማንበብ በማስተማር ረገድ በፖክዎ የሰፈሩት የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ከመንግሥት ይልቅ ቀደሙ።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መምረጥን ክብርም ግዴታም አድርጎ ነበር። አገልግሎትና ውትድርናም ጥሪ ሲመጣ የዜጋ ግዴታ ተባሉ። በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ ተካሄደ። ጋምቤላ ውስጥ ግን መንግሥት የሚታየው በቀረጥ ኬላና በፖሊስ ጣቢያ ነበር፤ የምርጫው ክብር ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ብዙም አልራቀም።

በዚህ መሐል ደቡብ ሱዳን ጦርነት ገባች። ከጦርነቱ የሸሹ ሰዎች ባሮንና ጂካዎን ተሻግረው ዘመዶቻቸው ዘንድ አረፉ። አኝዋኩ አኝዋክን፣ ኑዌሩ ኑዌርን ተቀበለ። በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስምምነት ጦርነቱ ጋብ ሲል የተመለሱም የቀሩም ነበሩ። "ስደተኛ" የሚለው ስም በጋምቤላ ከ"ዜጋ" ጎን ለጎን መኖር የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

አብዮቱና ኢታንግ፤ ከ1967 እስከ 1983

ደርግ ሁሉንም ግዴታ በአንድ ጊዜ ይዞ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘማቾች ወደየገጠሩ ተበተኑ። በየካቲት የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ በሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ቀበሌን ወለደ። በባሮ ዳር ለብዙ ሰው የመንግሥት ሰው ማለት ከዚያ ወዲህ የቀበሌ ሊቀመንበር ማለት ሆነ። ኳሮዎችና ንዪያ የሚባሉት የአኝዋክ መሳፍንት ፊውዳል ተብለው ተሻሩ። ከእነሱ ጋር አገምም ሄደ፤ ንፉግ አለቃን መንደርተኛው ራሱ የሚያወርድበት መንገድ ተዘጋ። የተተካው ሊቀመንበር ተጠሪነቱ ለበላይ እንጂ ለታች አልነበረም። በእኔ እምነት በጋምቤላ የዜጋ ኃላፊነት ከዚህ የበለጠ ቁስል አልደረሰበትም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዓለም ያደነቀው ሥራ ነው። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። አኝዋክኛና ኑዌርኛ ከዐሥራ አምስቱ ውስጥ አልነበሩም። ባሮ ዳር ያለ አርሶ አደር ማንበብ የዜግነት ግዴታህ ነው ሲባል የሚማረው በማያውቀው ቋንቋ ነበር። በግንቦት 1975 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ ወጣቶች ለሠላሳ ወር እንዲያገለግሉ ተገደዱ። ከጋምቤላም ልጆች ተይዘው ወደ ሰሜን ግንባር ሄዱ።

ከዚያ 1977 መጣ። ድርቁ ከወሎና ከትግራይ፣ የመሬት ጥበቱ ከከምባታና ከሐድያ ያፈናቀላቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሰፈራ ወደ ጋምቤላ መጡ። አልዌሮ ወንዝ ላይ ግድብ ተጀመረ። ሰፋሪዎቹ በግዳጅ የተጫኑ፣ በወባ የረገፉ፣ ራሳቸውም የተበደሉ ናቸው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን የሰፈሩበት መሬት ባለቤት ነበረው። ያ ባለቤት አልተጠየቀም። በጋምቤላ "ደገኛ" የሚባለው ሕዝብ ከነጋዴና ከመንግሥት ሠራተኛ ወደ ገበሬ የሰፋው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚያው ሰሞን ሱዳን ውስጥ ሁለተኛው ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ የደቡብ ሱዳን አማፂዎች መሪ የጆን ጋራንግ ጦር የኢትዮጵያ መንግሥት ባስጠጋው ምድር ተደራጀ። ኢታንግ የስደተኞች ጣቢያ ሆነች፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ያስጠለለች በዓለም ካሉት ግዙፍ ጣቢያዎች አንዷ። ጣቢያው ውስጥ እህል፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ነበር። ከጣቢያው አጥር ውጭ ላለው ኢትዮጵያዊ ይህ ሁሉ አልነበረም። የሚጠብቀው ግብር፣ የማኅበር መዋጮና ውትድርና ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ራሱን በዚያ ዘመን በነበረ በአንድ ኑዌር አባት ቦታ አስቀምጦ ያስብ። የአጎቱ ልጅ ከወንዙ ማዶ መጥቶ የራሽን ካርድ አለው፤ ልጆቹ ይማራሉ። እሱ ኢትዮጵያዊ ነኝ ካለ ልጁ ለጦር ይታፈሳል። ስደተኛ ነኝ ካለ ልጁ ይማራል። ብዙዎች ሁለተኛውን መረጡ፤ በኋላ "እነዚህ ኢትዮጵያውያን አይደሉም" ተብሎ የተጠቀሰባቸው ማስረጃ ይኸው ካርድ ሆነ። ይህን ምርጫ አገር መካድ የሚሉ አሉ። እኔ ግን የከዳው መንግሥት ነው እላለሁ፤ ዜግነት ለዜጋው ከስደት ያነሰ ነገር ሲሰጥ ሰው ወደ ተሻለው ይሄዳል።

በ1980 ዓ.ም. ጋምቤላ ራሷን የቻለች የአስተዳደር አካባቢ ሆነች። አዲሱ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት ለዜጎች መሠረታዊ መብትና ግዴታ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው። የምዕራፉ ቀለም ሳይደርቅ በርካታ የአኝዋክ ወጣቶች ሱዳን ገብተው የጋምቤላ ሕዝቦች ነጻነት ንቅናቄን ይዘው ይዋጉ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ኢታንግ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ሆነች።

የባለቤትነት ጥያቄ፤ ከ1983 እስከ 1996

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የጋምቤላ ሕዝቦችን ከዘጠኙ ክልሎች አንዱ አደረገ። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን ሊነጠቅ አይችልም አለ። ስለ ዜጎች ግዴታ እንደ 1980ው ሕገ መንግሥት የተለየ ምዕራፍ የለውም፤ ሕገ መንግሥቱን ማክበርና ማስከበር የዜጎች ሁሉ ግዴታ መሆኑ በአንድ አንቀጽ፣ አካባቢን መጠበቅ በሌላ አንቀጽ ተነግሯል። ክብደቱን መብት ላይ፣ በተለይ በብሔር ብሔረሰቦች መብት ላይ አድርጓል።

ለጋምቤላ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። አኝዋክኛና ኑዌርኛ ወደ ክፍል ገቡ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ሳለ አንድ ልጅ ፊደል በእናቱ ቋንቋ መቁጠር ቻለ። ነገር ግን መብቱ በብሔረሰብ በኩል የሚመጣ ስለሆነ ጥያቄው ተለወጠ፤ "ዜጋ ነህ ወይ?" የነበረው "የክልሉ ባለቤት ነህ ወይ?" ሆነ። ደርግን የተዋጋው ንቅናቄ በአኝዋኮች ይመራ ስለነበር ሥልጣኑን አኝዋኮች ያዙ። በ1987 የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ግን ኑዌሮችን 40 በመቶ፣ አኝዋኮችን 27 በመቶ አድርጎ አወጣ። አኝዋኮች ቆጠራው ከድንበር ማዶ የመጣውን ሁሉ ደምሮብናል አሉ። ኑዌሮች በቁጥራችን ልክ ወንበር ይሰጠን አሉ።

ይህን ጊዜ ግንባር ላይ ያለ ምልክት ሳይቀር ማስረጃ ሆነ። ኑዌር ወንድ ለአካለ መጠን ሲደርስ ግንባሩ ላይ የሚቀረጸው ስድስት መስመር በሁለቱም አገር ያለ ነው፤ በከተማው ግን ምልክቱን ያየ ሰው "ሱዳናዊ" ብሎ ይደመድም ነበር። ኢትዮጵያዊው የስነ ሰብ ምሁር ደረጀ ፈይሳ በጋምቤላ ዓመታት ወስዶ ባደረገው ጥናት የሁለቱ ሕዝቦች አመለካከት ከሥሩ እንደሚለያይ አሳይቷል። አኝዋኩ ማንነትን ከመሬትና ከደም ጋር አጥብቆ ያስራል፤ ለኑዌሩ ግን የመጣ እንግዳ ሊገባበት የሚችል በር ነው። አንዱ ድንበር ይጠበቅልኝ ሲል ሌላው ይስፋልኝ ይላል። ሁለቱም በየራሳቸው ታሪክ ውስጥ ምክንያት አላቸው።

በዜጋና በስደተኛ ወረቀት መካከል መኖር በዚህ ዘመንም ቀጠለ። በፑኝዶ ጣቢያ እንደ ሱዳናዊ ተመዝግበው አሜሪካ የገቡ የጋምቤላ ኑዌሮች ሚኒሶታና ነብራስካ ውስጥ ሰፈሩ። ብዙ አኝዋኮችም ሚኒሶታ አሉ። ጋምቤላ ውስጥ ባለቤትነት የተከራከሩ ሰዎች ልጆች እዚያ በአንድ ከተማ አብረው ግብር ይከፍላሉ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ስምንት ሰዎች የተሳፈሩበት የስደተኞች ጉዳይ መኪና በታጣቂዎች ተመትቶ አስከሬናቸው ወደ ከተማው ገባ። ገዳዮቹ አልታወቁም። የቁጣው ዒላማ አኝዋኮች ሆኑ። ወታደሮችና ከደገኛው ወገን የወጡ ሰዎች በየቤቱ እየገቡ የአኝዋክ ወንዶችን ገደሉ፤ ቤቶች ተቃጠሉ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር 65 ሲያደርገው የአኝዋክ ወገኖች ያሰባሰቡት የስም ዝርዝር ከ400 ይበልጣል። የክልሉ ፕሬዚዳንት ኦኬሎ አኳይ አገር ጥለው ወጡ። ሺዎች ወደ ሱዳን ፖቻላ ተሰደዱ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጠለሉ፣ በደገኛ ጎረቤቶቻቸው ቤት ተደብቀው የተረፉም አሉ።

ጭፍጨፋው ካለፈ ዐሥር ቀን በኋላ አዲሱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ወጣ። ሁለቱ አይገናኙም፤ አዋጁ ቀድሞ በረቂቅ ላይ የነበረ ነው። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። አዋጁ ለውጭ ሰው እንኳ በር ይከፍታል፤ አራት ዓመት የኖረ፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን የሚናገር፣ መተዳደሪያ ያለው፣ መልካም ጠባይ ያለው፣ ቃለ መሐላ የሚፈጽም ሰው ኢትዮጵያዊ ሊሆን ይችላል ይላል። በዚያው ወር አያት ቅድመ አያቶቻቸው በባሮ ዳር የተቀበሩ ሰዎች በገዛ መንግሥታቸው ወታደር ሞተዋል።

ከ1997 ወዲህ

ከዚያ ቀን በኋላ ሰዎች መልስ የፈለጉት በየአቅጣጫው ነው። የጋምቤላው ተወላጅ ኦባንግ ሜቶ ካናዳ ሆኖ በመጀመሪያ ለአኝዋክ ፍትሕ ሲጮህ ቆየ፤ በኋላ ግን ሰብዓዊነት ከብሔር ይቅደም የሚል ንቅናቄ አቋቁሞ ስለ ኦሮሞው፣ ስለ ኦጋዴኑ፣ ስለ አማራውም መናገር ጀመረ። በሐዘኑ የታጠረ ሰው ወደ ሌላው ሐዘን መሻገሩ በፖለቲካችን ብዙ ጊዜ ያላየሁት ነገር ነው። ክልሉ ራሱ የአኝዋክ፣ የኑዌርና የመዠንግር ዞኖች ተብሎ ተከፈለ፤ ኢታንግ ልዩ ወረዳ ሆነች። የ1999ኙ ቆጠራ የክልሉን ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ አደረገው። በ2006 ደቡብ ሱዳን ዳግም ስትታመስ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ስደተኛ ገባ፤ ትርኪዲ፣ ኩሌ፣ ጀዊ፣ ንጉኜል የሚባሉ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ክልሉ የራሱን ያህል ሕዝብ ተቀበለ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሸክም በዝምታ የተሸከመ አካባቢ ብዙ የለም።

2008 ከሁሉ የከበደው ዓመት ነበር። በጥር በአኝዋክና በኑዌር መካከል በከተማዋና በአካባቢዋ ግጭት ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ ኑዌሮች በብዛት የሚኖሩበት ኒውላንድና የአኝዋክ ሰፈሮች በሥጋት የሚተያዩ ሆኑ፤ በመረበሽ ሰሞን ሰው ወደ ሌላው ሰፈር ለመሻገር ያመነታል። ሚያዝያ 7 ቀን ደግሞ ከደቡብ ሱዳን የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በላሬና በጂካዎ ወረዳዎች የኑዌር መንደሮችን መቱ። መንግሥት 208 ሰዎች መገደላቸውን፣ ከመቶ በላይ ሕፃናት መወሰዳቸውን አስታወቀ። የሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሠራዊቱ ሕፃናቱን ፍለጋ ወሰን ተሻገረ፤ ብዙዎቹም በየተራ ተመለሱ። የላሬ ኑዌር ኢትዮጵያዊ ነው ወይ እያለ ሲጠይቅ ለኖረ አገር ባንዲራው ለእነዚያ እናቶች ዝቅ ማለቱ ትልቅ መልስ ነበር። ዋጋው ግን መራራ ነው።

ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊትና የጋምቤላ ነጻነት ግንባር ታጣቂዎች ከተማዋን አጠቁ። ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ በተካሄደው አሰሳ የክልሉ ጸጥታ ኃይሎች ተባባሪ ናችሁ እያሉ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 50 ሰዎች መገደላቸውን ይፋ አድርጓል። ሕግ ማክበር የዜጋ ግዴታ ነው ብለን ስናስተምር በመጀመሪያ የሕግ ጠባቂውን ግዴታ ማስተማር እንዳለብን ይህ ሪፖርት ይመሰክራል። ኮሚሽኑ የገዛ መንግሥቱን ስም ጠርቶ መጻፉን ግን አከብራለሁ፤ የአገሙ መንደርተኛ ይሠራው የነበረው ይህንኑ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ብዙም ዜና ያልሆነ ሥራ ተጀመረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ወጣ፤ ምዝገባው በ2008 መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። ወላጅ የልጁን ልደት በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታው ሆነ። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ስደተኞችም ይመዘገባሉ፤ በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ የመሥራትና የመማር መብት ሰጣቸው። የፋይዳ መታወቂያም በአዋጅ 1284/2015 ሲቋቋም የሚጠይቀው ነዋሪነትን ነው፤ ለዓመታት የቀበሌ መታወቂያ ላይ ተጽፎ የኖረው ብሔር በእሱ ላይ የለም። ስደተኛ በስደተኝነቱ፣ ዜጋ በዜግነቱ ከተመዘገበ አንዱ ሌላውን መምሰል የሚያስፈልገው ምክንያት ይቀንሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ግዴታዎች ለጋምቤላ የተለየ ሆኖ የማየው የልደት ምዝገባውን ነው። ከ1894 ጀምሮ ባሮ ዳር የደረሰው ግዴታ ሁሉ የሚወስድ ነበር፤ ጥርስ፣ ከብት፣ መሬት፣ ጎረምሳ። ይህ ግን የፈጸመው ሰው በእጁ ይዞ የሚመለሰው ነገር አለው። በ1922 የወጣው ሕግ እናት ወይም አባት ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ሲል የጎደለው የእናት ስም መዝገብ ላይ የሚገባው በዚህ ነው። ኒውላንድ ያለች እናት በቅርብ ቀበሌ ልታስመዘግብ ትችላለች። ላሬ፣ ጂካዎና አኮቦ ወረዳዎች ውስጥ ግን ክረምት ሲገባ መንገዱ በውኃ ይዋጣል፤ 90ው ቀን ውኃው ሳይጎድል ያልቃል። መዝጋቢው በጀልባ ወደ መንደሩ ካልሄደ ልጁ እንደ ቅድመ አያቱ ያለ ወረቀት ያድጋል።